ቁጥር ስምንት

ዓርብ ከሰዓት ነው፣ አሽዶድ በነሐሴ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ በላብ ርሷል ቀሚሴ።
ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ልጆቼ ባሕር ናቸው፤
ባሌ ወደብ ቀርቷል፣ የሚያወርደው ዕቃ አለው።
እኔ ከጠረጴዛው ሁለት ጠርሙስ ረም
ፊት ለፊቴ አቁሜ፣ እንደ ሁለት ወንድም፦
አንዱ ጠይም፣ ዝግተኛ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት፣
አንዱ ፈዛዛ፣ ችኩል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ እንደ ድመት።

በፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ አሥራ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ፣
የሰውን ሳል በሚሊ ሊትር እሰፍራለሁ።
ዛሬ የራሴን ጥም ልሰፍር ነው፣
በሕፃናት ስሪንጅ፣ መርፌ በሌለው።

የደሴት መጠጥ ነው አሉ። ደሴቱን አላየሁም፤
ያሉትም ያዩት አይመስለኝም።
ጥርሱን ባገጠጠ የጣዖት ዋንጫ ነው አሉ የሚጠጣ፤
እኔ ቤት ጣዖት አይገባም፤ ያለኝን ብርጭቆ ላውጣ፦
ሦስት፣ አጫጭር፣ ወፍራም፣ ከቁም ሣጥኑ ጥግ።

ለውዙን (ኦቾሎኒውን አይደለም፣
የአሮን በትር ያፈራውን)
ማታ ዘፍዝፌ፣ ልጬ፣ ወቅጬ፣ በነጭ ሻሽ ጨምቄ፣
ወተቱን ከስኳር ጋር አሙቄ፣
የብርቱካን አበባ ውሃ ጠብ አድርጌበታለሁ።
ከግቢው አጥር የለቀምኩት ፓሽን ፍሩት፣ የተጨማደደ፣
ከላይ ሽማግሌ፣ ከውስጥ ፀሐይ የወለደ።
ሎሚ። ናና። አናናስ ከቆርቆሮ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።
የቴምር ማር፣ ከማንኪያው አልወርድ ያለኝ።

በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ በመዶሻ ስቀጠቅጠው
የታች ቤቶቹ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ መቱት፣ ግድግዳ የማፈርስ መስሏቸው።

ቁጥር አንድ፦ እንደ ሰርግ ንግግር ጣፋጭ፣ ማለቂያ የሌለው።
ቁጥር ሁለት፦ ሎሚው ዳኛ ሆኖ ሁሉንም ቀጣው።
ቁጥር ሦስት ላይ ሁለቱ ወንድማማች ተጣሉ።
አራትን የዕቃ ማጠቢያው ጠጣው።
አምስት... ይቅር።
ስድስት ጥሩ ነበር፤ ግን የሆቴል መጠጥ፣ የማንም ያልነበር።
ሰባት ቀረበ። ምላስ ጫፍ ደርሶ አልወጣ እንዳለ ስም፣
አለ። ግን የለም።

ደብተሬ ላይ «አንድ ነገር ጎደለ» ብዬ ጻፍኩ፤
ጽሑፌ ወደ ቀኝ አዘመመ፤
የስሪንጁም መስመር አጠገቡ ሌላ መስመር ደገመ።

በሩ ተንኳኳ። ፎርቱና ናት፣ የአምስተኛ ፎቋ፣ የትሪፖሊዋ፣
የአጥሩ ሐረግ ባለቤት፤ ከእግሯ ቀድሞ የገባው ዱላዋ።
«ሕንፃውን የሚያፈርሰው ማነው?
ፓሽን ፍሩቴንስ?»
መልሴ ሰባተኛው ብርጭቆ ነበር።
ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። እንደ ዓሣ ወጥ አላመጠች።
«ጨው» አለች።

በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ጣልኩ። ቁጥር ስምንት።
ወንድማማቾቹ ታረቁ፤ ሎሚው ችሎቱን ዘጋ፤
ለውዙ ከኋላ መጥቶ በመሐላቸው ተዘረጋ።

ከዚያ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሣች፣ ሥሩን አየች።
«ይሄ የነፍስ ሻማ ነው።»

ነው። የእናቴ ነው። ሦስት ሙት ዓመት፣ ሦስት ብርጭቆ፣
ሰሙ ሲያልቅ በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ተፋቆ፣
መጣል ያቃተኝ።
እናቴ ሰው ፊት ብርሌ አንሥታ አታውቅም።
አፈርኩ፤ ምንም አላልኩም።
ፎርቱናም ዝም ብላ ወጣች። ዱላዋ ደረጃውን
አንድ በአንድ ሲቆጥር ሰማሁ።
አስቀየምኳት፣ አልኩ።

ተመለሰች፤ በፌስታል አሥራ አንድ ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ።
«የባሌ ናቸው። ካቢኔውን አጣበበኝ።»
ባሏ ስሙ ሐሙስ ነበር። በኛ ቋንቋ ቀን መሆኑን ነገርኳት፤
«እንግዲያው» አለች፣ «አንድ ቀን ዘግይቶ መጣ።»
ሳቅን፣ በረዶ እየቀጠቀጥን፤ የታቹ መጥረጊያም አልተቆጣ።

ሰንበት ልትገባ ሩብ ሰዓት ቀርቷታል፤
ልጆቼ አሸዋ እያራገፉ ደረጃውን ይወጣሉ።
«ስሙን ምን ልበለው?»
«መጀመሪያ ጨርሺው» አለች ፎርቱና።
አዘነበልኩት፤ ከበረዶው በታች፣
ክሩን ይይዝ የነበረው ትንሽ ቆርቆሮ፣
ያን ሁሉ ፈልቶ፣ ተፋቆ ያልተላቀቀው፣
ብልጭ አለ።